ለዚያ መስኮት የሚሆን ላሜራ

የያዙኝ ቆቦ ውስጥ ካለው ሱቄ ደጃፍ ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአንድ አዲስ ፎቅ አሸንዳ እያጠፍኩ። በዚያ ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «መሬቱ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት አራሾቹ ይጠየቁ» ብዬ ነበር። ሌላ ያደረግሁት የለም። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም። አየር የምናገኘው የብረት ፍርግርግ ካለበት አንድ መስኮት ነው። ከሥሩ የሚተኙት አስም ያለባቸው የጎብዬ ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ቦታውን ማንም አይሻማቸውም። ሚስቶቻችንም ከአጥሩ ማዶ ቆመው ድምፃቸውን የሚያሰሙን በዚያው መስኮት ነው።

አንድ ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ ወደ ግቢው አስጠራኝ። አጠገቡ አንድ ላሜራ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ሙያ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ያንን መስኮት ድፈንልኝ። ከውጭ ሰው ጋር ወሬ በዝቷል።»

«ውስጥ ሰው አለ» አልኩት።

«ስትጨርስ ትወጣለህ። ዛሬውኑ።»

ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቤቴ ታየኝ። እሱ ዝምታዬን እንደ ድርድር ቆጠረውና ለዘብ አለ።

«ላሜራው ይግላል ካልክ አሉሚኒየም ይምጣልህ። ባለሙያው አንተ ነህ፤ ምረጥ።»

ዕድሜዬን ለሰው ቤት ብረት ስመርጥ ነው የኖርኩት። ለበር ወፍራም ላሜራ፣ ለአሸንዳ ቶሎ የማይዝግ፣ ፀሐይ ለሚበረታበት ወገን አሉሚኒየም። ሰው ማፈኛ ምረጥ ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ለዚህ የሚሆን ብረት የለም» አልኩት። «ቢኖርም በእኔ እጅ አይገጠምም።»

«እዚሁ ትበሰብሳታለህ!»

«ይሁና።»

ተመልሼ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ከመስኮቱ ሥር ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንተ ቤተሰብ አለህ። ሠርተህ ብትወጣ ወላሂ አልቀየምህም።»

«እኔ እራሴን እቀየመዋለሁ፣ አባባ።»

በማግስቱ ዘቦቹ ራሳቸው ላሜራውን ከውጭ በመስኮቱ የእንጨት ክፈፍ ላይ በሚስማር መቱት። ቀትር ላይ ሽማግሌው መተንፈስ አቃታቸው፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። በሩን ደበደብን። «ሰው እየሞተ ነው!» እያልን ጮህን። የከፈተልን የለም።

የብረት ማንኪያ አነሳሁና እጄን በፍርግርጉ አሾልኬ እጀታውን ከላሜራው ሥር ሰካሁት።

«ዘቡ ያይሃል» አለኝ አንዱ።

«ይየኝ።»

ሥራው የችኮላ ስለነበር የታችኞቹና የጎኖቹ ሚስማሮች ቶሎ ላሉ። ላሜራውን ወደ ውጭ ገፍቼ እንደ ጥላ ቀለበስኩት። ነፋሱ ገባ። ጓደኞቼ ሽማግሌውን አንስተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አደረጉላቸው፤ ሳል እያቋረጣቸው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። የላሜራው ጠርዝ ስለት ነው። በማንኪያው እየደቆስኩ ዙሪያውን አጠፍኩት።

ኃላፊው መጣ። «ማነው ይሄን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ።»

ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። «ማጠፉ ደግሞ ምን አስፈለገ?»

«የሰው እጅ እንዳይቆርጥ።»

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን አልዘረዝርም። መስኮቱን ግን መልሶ የደፈነው የለም። ለምን እንደተዉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ከዓመታት በኋላ ጎብዬ፣ ገዛ ቤታቸው ውስጥ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁም፣ እንደተፈታሁ ሱቄን መልሼ ከፈትኩ። አሁን ለዘበኛቸው ማደሪያ መስኮት የሌለው የላሜራ ክፍል ሥራልን የሚሉኝ ደንበኞች ይመጣሉ። «እንደዚያ አልሠራም» እላቸዋለሁ። ተቆጥተው ሌላ ሱቅ የሚሄዱ አሉ።

ይሂዱ።