አሥር ከአሥር ያገኘው መንደር

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ሰው ለመጠየቅ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው። በየዓመቱ አገሮችን፣ ከተሞችንና የንግድ ትምህርት ቤቶችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ የሚያወጣ አንድ የውጭ ድርጅት አለ፤ የእኛ ትንሽ ቢሮ ለእሱ መልስ ይሰበስባል። ሰንጠረዡ ሲወጣ ወሬው አገሪቱ ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች ይሆናል። እኔ የማውቀው የሰንጠረዡን ሥር ነው፤ ጭቃውን፣ ውሻውን፣ በሩን ገርበብ አድርጎ «ማነው?» የሚለውን ሰው።

የዘንድሮው ጉዞ ለክትትል ነበር። አምና ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ፈልጌ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ቦታው አዊ ነው፤ እንጅባራ፣ ዳንግላና በመካከላቸው ያለው የአዲስ ቅዳም ገጠር። ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው፤ አለቃዬ አጥብቆ የሚጠብቀው ግን አንዱን ነው፦ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሰፈርዎ ብቻዎን ሲሄዱ ምን ያህል ደህንነት ይሰማዎታል?» መልሱ ከዜሮ እስከ አሥር ባለ ቁጥር ይሰጣል። አምና በአዲስ ቅዳሙ መንደር አብዛኛው ሰው አራት ወይም አምስት ብሎኝ ነበር። ዜሮ ያሉኝ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ብቻ ናቸው፤ ወይዘሮ የሻረግ። ጊዜው የሚያስፈራ ስለሆነ የተኩስና የመንገድ ነገር መስሎኝ ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም። መጠይቁም ምክንያት አይጠይቅም።

ወደ እንጅባራ

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የሄድኩት። መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል፤ ታሪፉም ካምናው እጥፍ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ነበር። የምሠራውን ስነግረው ከዓለም አንደኛ የሆነው የንግድ ትምህርት ቤት የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ቀጥሎ እሱ የተማረበት ስንተኛ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም አልኩት። እስከ መራዊ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆየና፣ «ታዲያ እኔ የት ነው የተማርኩት?» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ዳንግላን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። እንጅባራ ስንገባ ጉሙ ዋናውን መንገድ ሞልቶት የባጃጆቹ መብራት ብቻ ይታያል፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ ፈረሰኛ ብቅ ብሎ በአጠገባችን አለፈና ተመልሶ ጠፋ። የፈረሱን ኮቴ እንኳ አልሰማሁም። ያደርኩበት ሆቴል ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጠኝ። እራቴ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ነበር፤ የዚህ አገር ድንች እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። አስተናጋጇ ከተማዋ በደረጃ ስንተኛ እንደሆነች ልታውቅ ፈልጋ ነበር። እንዲህ ያለ ከተማ እንደማይመዘን ነገርኳት። «ይሻላል» አለችና ሳህኑን አነሳች።

የዛፎቹ መንደር

በማግስቱ ጠዋት ታደለ መጣልኝ። ታደለ አዲስ ቅዳም የሚያስተምር የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ አዊኛ ስለማልችል አምናም ያስተረጎመልኝ እሱ ነው። በሚኒባስ እስከ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በእግር ሄድን።

ያንን አገር ያላየ ሰው ዛፍ ብቻ ይመስለዋል። ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት አሁን ዲከረንስ በሚሉት ቶሎ በሚደርስ የግራር ዘር ተሸፍኗል። ሰው ለከሰል ነው የሚተክለው። ዛፎቹ እኩል ቁመት አላቸው፤ በመስመር ቆመዋል፤ በየትኛውም በኩል ቢያዩ መጨረሻው ጨለማ የሆነ ቀጭን መተላለፊያ ይታያል። የተቆረጠውን እንጨት ከምረው በሣርና በአፈር ይደፍኑትና ውስጥ ለውስጥ ያነዱታል፤ ስለዚህ እሳት ሳይታይ ከመሬት ጢስ ይወጣል። የወፍ ድምፅ አልሰማሁም። ታደለ እንኳ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው፣ ዛፎቹ መካከል ስንገባ ወሬውን አቋርጦ እርምጃውን አፈጠነ።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት አቶ ዳምጤ ናቸው፤ ስልሳን የዘለሉ፣ ረጋ ያሉ ገበሬ። አምና ለዚያ ጥያቄ አራት ብለውኝ ነበር። ዘንድሮ ጥያቄውን ታደለ ተርጉሞ ሳይጨርስ መለሱ፤ አሥር። ሁለተኛው ቤትም አሥር። ሦስተኛው ቤት ያለችው አራስ አሥር። ከዚያ በኋላ በአዊኛ አሥር የሚለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ መለየት ጀመርኩ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሉት፤ ዝግ ብለው፣ ዓይናቸውን ወደ ዛፎቹ ሳያዞሩ። በብዙ አገር ጠይቄያለሁ፤ አንድ መንደር ሙሉ አንድ ቁጥር ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

የወይዘሮ የሻረግ ቤት ከመንደሩ ዳር ነው። በሩ ተዘግቶ በውጭ በኩል በግንድ ተደግፏል። ግቢው አረም በቅሎበታል። ጎረቤቶቹን የት እንደሄዱ ብንጠይቅ ሄዳለች ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም። ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ስለሆነ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። ደንቡ ግልጽ ነው አለኝ፤ ሰው ከቦታው ከለቀቀ በቅርብ ያለው ቤት ይተካል። በቅርብ ያለውን ቤት ጠየቅኩ። አሥር አሉኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መንደሩ መዘጋጋት ጀመረ። ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ ናት፤ ሰዎቹ ግን ከብቱን አስገቡ፣ እንጨቱን አስገቡ፣ ልጆቹን አስገቡ። ከየቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ ተሰማ። አቶ ዳምጤ በራቸው ላይ ሆነው እኛን ለመሸኘት ይቸኩሉ ነበር። አላስቻለኝምና በአማርኛ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መቼ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አንወጣም» አሉኝ። «ስለማንወጣ ነው የማንፈራው።»

ይህን ብለው ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

እኔና ታደለ ወደ ባጃጁ መንገድ አዘገምን። ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ በዛፎቹ መካከል ተጋድሟል። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ከግራዬ፣ ከመስመሮቹ ውስጥ፣ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ።

«ሰብለ።»

የሴት ድምፅ ነው። የሚያስፈራ አልነበረም፤ ምሳ ቀረበ ብሎ እንደሚጠራ ሰው ነው። አቤት ከልጅነቴ የለመድኩት መልስ ስለሆነ ሳላስበው አፌ ላይ ደረሰ። ታደለ ክንዴን ያዘኝ፤ ጣቶቹ በሹራቤ ላይ ገቡ።

«እህቴ፣ አቤት እንዳትዪ።»

ድምፁ እንደገና ጠራኝ፤ ከዚያው ከነበረበት። ያን ጊዜ ነው የማን ድምፅ እንደሆነ ያወቅኩት። የመጀመሪያውን ፊደል ሳብ አድርጋ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት። እናቴን ከቀበርኳት ዓመታት አልፈዋል። ታደለ እያማተበ፣ ሳይሮጥ ግን ሳይቆም፣ እየጎተተ መንገዱ ድረስ አወጣኝ። ባጃጁ ይዞን አዲስ ቅዳም ገባ። ከገባን በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ። እሱ የሚያውቀው፣ ሰው የሆነ ቀርቦ እንደሚጠራ፣ ያኛው ግን የሚቀርበው መልስ ሲያገኝ እንደሆነ ብቻ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ዳንግላ እህታቸው ዘንድ እንዳሉም ያን ምሽት ነገረኝ። መንደሩ ውስጥ ሊናገር አልፈለገም ነበር።

ዳንግላ

ዳንግላ ፀሐያማ፣ ሞቅ ያለ ከተማ ናት። ወይዘሮ የሻረግን ያገኘኋቸው ገበያው ዳር ከእህታቸው ጋር ሽንኩርት ሲሸጡ ነው። ከስተዋል። አወቁኝ፤ ባዶ ጆንያ አንጥፈው አስቀመጡኝ፤ የተቆላ ሽምብራ አቀረቡልኝ። ለምን ከመንደር እንደወጡ ስጠይቃቸው ሳይሸሽጉ በአማርኛ ነገሩኝ።

ዛፎቹን የተከሉት ባላቸው ናቸው። ከሞቱ በኋላ ማታ ማታ ከዛፎቹ ውስጥ «የሻረግ» የሚል የባላቸው ድምፅ ይመጣ ጀመር። እሳቸውም በቤታቸው እንደለመዱት አቤት እያሉ ወደ በሩ ይወጡ ነበር። አንድም ሰው የለም። በየምሽቱ ግን ድምፁ አንድ መስመር ወደ ቤቱ ይጠጋል። አምና እኔ ስጠይቃቸው ዜሮ ያሉት ለዚህ ነው፤ እስከዚያ ቀን ትፈሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። መልሳቸውን ጎረቤት ሰማ። ነገሩን የምትጠራው እሷ ናት ተባለ። አንዳንዱ አብዳለች አለ፤ አንዳንዱ ሳትባረር በራሷ እንድትሄድ መከረ። እሳቸውም ሄዱ። መንደሩ አሥር ያለኝ ነገሩ ከእሳቸው ጋር ወጥቷል ብሎ ለማመን ፈልጎ ነው።

የሰማሁትን ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ሽምብራውን በመዳፌ ይዤ ቆየሁ። ፊታቸውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እትዬ የሻረግ፣ እኔም ሰምቻለሁ። ትናንት ማታ።»

ሚዛኑን አስቀመጡ። «ማንን ጠራ?»

«እኔን። በስሜ።»

«በማን ድምፅ?»

«በእናቴ።»

«እናትሽ አሉ?»

«የሉም።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ነጠላውን ሲያወርዱት ግን ፊታቸው ተፈትቷል። አንድ ዓመት ሙሉ አብደሻል ሲባሉ ኖረው እውነት ነው ያላቸው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንግዲያስ እሱ ራሱ ነው የጠራኝ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ስነሳ ለዘንድሮው ጥያቄ ምን ልጻፍ አልኳቸው። ቆዪ፣ አሁን አትጻፊ አሉኝ። ነገር ግን የመዝጊያው ቀን ስለነበር መልስ የለም ብዬ ላክሁ። ቤታቸው በተኪው ቤት ተሞላ፤ መንደሩ አሥር ከአሥር ያዘ።

አዲስ አበባ

ቤቴ ስደርስ ሹራቤ ገና የከሰል ጢስ ይሸታል። ብዙ ሳይቆይ ሰንጠረዡ ወጣ። አገራችን በዚያ ጥያቄ ከአምናው ከፍ ብላለች፤ አለቃዬ ቢሮ ውስጥ ኬክ አስቆረሰ። ያ ቁጥር ከየት ከየት እንደተለቀመ አላውቅም፤ ጥቂቱ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከተቀረቀሩ በሮች ጀርባ እንደመጣ አውቃለሁ። አሁን ለሥራ ስወጣ መጠይቁ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ በራችሁን ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ እላለሁ። የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሰምቼ እመለሳለሁ።

ታደለ የደወለልኝ በዚያው ሰሞን ነው። ወይዘሮ የሻረግ ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ግንዱን አንስተው፣ አረሙን ነቅለው ቤታቸውን ከፍተዋል። ዛፎቹ ደርሰው ነበር፤ ለከሰል አልሸጥም ብለዋል። ማታ ማታ ሌላው ሁሉ ሲቀረቅር እሳቸው በሩን ወለል አድርገው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ታደለ በቀን አግኝቷቸው ስለ እኔ ሲያነሳ፣ የዚያችን ልጅ ጥያቄ አሁን እመልሳለሁ፣ አሥር ብላለች በላት ብለውታል። ደህና ናቸው ወይ አልኩት። ወፍረዋል አለኝ።

እኔም አንዳንድ ቀን ሲመሻሽ በረንዳዬ ላይ እቆማለሁ። መኪናው፣ ሙዚቃው፣ የሰው ጫጫታው ይሰማል። ጆሮዬን ጥዬ እቆያለሁ። እዚህ ማንም በስሜ አይጠራኝም።