የተቀቀለው አፈርና የገራዶ ኦርኪድ

ደሴ አንድ ችግኝ ጣቢያ በተቀጠርኩ ቀን ያስጨበጡኝ ማማሰያ ነበር። እሳት ላይ ግማሽ በርሜል ተጥዷል፤ ውስጡ አፈር ነው። «በሽታው እንዲሞት ቀቅለው» አሉኝ። ቀቀልኩ። ፎርማን እስክሆን ድረስ ስቀቅል ኖርኩ፤ በደርግ ዘመን በወሎ ምድር እንደኔ አፈር የሚያበስል አልነበረም፤ እኮራበትም ነበር።

አንድ ክረምት የጣቢያው ኃላፊ ከስብሰባ መጣና ጠራኝ።

«ጓድ፣ ለአብዮት በዓል ገራዶ ሜዳ ላይ ያለው የዱር ኦርኪድ መድረኩ ፊት ይደረደራል። ስልሳ ጣሳ!»

«ቢጠወልግሳ?»

«አበባ በራሱ አይጠወልግም። አሻጥረኛ ነው የሚያጠወልገው።»

በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ መባል ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቀዋል። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ፈራሁ፣ አልዋሽም።

ሃያ ነቅዬ አመጣሁ። ሥሮቻቸው ላይ እንደ ጥጥ ክር ያለ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ሻጋታ! በኔ ጣቢያ? ሥሮቻቸውን በውሃ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ፣ በቀቀልኩት አፈር ተከልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሃያውም ጠቁረው ወደቁ።

ሌላ ልነቅል ገራዶ ስመለስ፣ ከሜዳው አጠገብ የሚያርሱት ሼህ ሙሄ መንገድ ላይ ቆሙብኝ።

«ያኞቹን የት አደረስካቸው?»

«ሞቱብኝ፣ ሼህ ሙሄ።» ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አጃኢብ! አፈሩን ወጥ አደረግከው በለኛ!» ሳቁ። እኔን ግን እንባ እንባ አለኝ። ይህን ሲያዩ ተዉት። «ያ ነጩ ክር ነው እኮ የሚያጎርሳቸው። ክሩ ያለበትን ዳር አንዴ አርሼው፣ ወላሂ እስከ ዛሬ አንዲት አልበቀለችበትም። አብሽር ልጄ፣ ከነሣሩ ከነአፈሩ ቁረጥ፣ እንዳታራግፈው።»

ክሩ ፈንገስ መሆኑን፣ አቧራ የሚያህለው የኦርኪድ ዘርም የራሱ ስንቅ ስለሌለው ፈንገሱ ካልመገበው እንደማይበቅል፣ ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ገብቼ ሰማሁ። ሼህ ሙሄ ሥልጠና አልወሰዱም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ስልሳውም ጣሳ ለበዓሉ ፈካ። ኃላፊው ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው፦ «ድሉ የተገኘው ሥሩን በማጠብና አፈሩን በሳይንሳዊ መንገድ በመቀቀል ነው።»

«ጓድ፣ እንዲህ አይደለም እኮ። ሼህ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ...»

«ሪፖርት ላይ ሼህ ላስገባልህ? ፈርም ባክህ!»

ፈረምኩ። የምስክር ወረቀትም ተሸለምኩ፤ አጨበጨቡልኝ።

በዓመቱ ሪፖርቱ መመሪያ ሆኖ ኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ ወረደ። የዚያ ጣቢያ ፎርማን ይማም ነበር፤ አብረን ሥራ የጀመርን ወዳጄ። መመሪያው እንዳለው አጠበ፣ ቀቀለ፣ ተከለ። አንድም አልተረፈለት። አሻጥረኛ ብለው አባረሩት። እኔ ይህን የሰማሁት ራሱ ደሴ መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው ነው።

«ፊርማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ክሩን ሳይ ልቤ አመንትቶ ነበር። ያንተን ፊርማ አየሁና አጠብኩት።»

ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህንኑ ነው፦ ባልሠራችሁት ሥራ ላይ አትፈርሙ። ፊርማችሁን አምኖ የሚሠራ ሰው አለ።