ዋሻ ውስጥ የተቀዳ ሰላምታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2021 ሐምሌ ወር ላይ ነው። ቦታው ከምኖርበት ከኮሎምበስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘው የኢሪ ሐይቅ ነው። ከአእምሮዬ ሊወጣ ያልቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የዚያን ቀን የተቀዳች የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ስልኬ ውስጥ አለች። እኔ የማስታውሰውና ቪዲዮዋ የምትመሰክረው አንድ አይደሉም።

ከድር የደሴ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ፣ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ከነበረችኝ ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ አንዷን ክፍል ሰጠሁት። በዕድሜ አስራ ሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ መስፍን፣ እርስዎ" ሲለኝ፣ አንድ ኩሽና የሚጋሩ ሰዎች አንቱ አይባባሉም ብዬ አስተውኩት። ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ "ፕሮፌሰር" ይለኝ ጀመር። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ማስተማሬን፣ እዚህ ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደሬን ያውቃል። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ "ፕሮፌሰር! ክላስ አለህ፣ በር ቁጥር ሰባት!" እያለ ሲጮኽ ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር።

እናቱ እትዬ ፋጡማ ባሕር አይተው አያውቁም። ከድር ያንን ጉዞ የያዘው ለእሳቸው ቪዲዮ ለመቅዳት ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ዳርቻ፣ ማዕበል ድንጋዩን እየበላ የሠራቸው ውሃ የሞላባቸው ዋሻዎች አሉ። ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ፣ አስጎብኚ እየመራ ያስገባል።

"ሐይቅ እኮ ነው፤ ባሕር አይደለም" አልኩት።

"ማዶው ካልታየ ባሕር ነው፣ ፕሮፌሰር። እማ ደግሞ ሰርተፊኬት አትጠይቅም።"

ጉዞው ቅዳሜ ነበር። በዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የከድር አጎት ጋሼ ሰይድ ደወሉልኝ። ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ስደርስ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። የማንም ስልክ አይጮኽም፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ነገሩ ሳይነገረኝ ገባኝ። እትዬ ፋጡማ ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሰንብተው፣ በዚያን ዕለት ዐርፈዋል። ከድር መታመማቸውን እንኳ አልሰማም። ቀብራቸው በማግስቱ፣ ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በኋላ ነበር።

"ብቻውን አይሰማም" አሉ ጋሼ ሰይድ። "ያ ልጅ ትራክ እየነዳ መርዶውን በፌስቡክ አይቶ የሆነውን ረሳችሁት? እሑድ ጠዋት ሁላችንም ኦፍ ነን። ተሰብስበን እናረዳዋለን።"

ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ከተቀመጡበት ቀና አሉ። "ቀብሯንስ? ዛሬ ቢነገረው ሰዓዳ በቪዲዮ ታሳየው ነበር። ፊቷን እንኳ አይቶ ይሰናበታት እንጂ።" ሰዓዳ የከድር እህት ናት፤ ደሴ እናቷን ስታስታምም የቆየችው እሷ ነበረች።

"ቀብር በስልክ አይታይም" አሉ ጋሼ ሰይድ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ነገ መንገድ አለው አሉ። አብረኸው ሂድና ስልኩን ያዝበት።"

እትዬ ዘምዘም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አንድ ቃል ብደግፋቸው ምናልባት ነገሩ ይለወጥ ነበር። እኔ ግን የቤተሰቡ ሰው አይደለሁም፣ ሃይማኖቴም ሌላ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። "እንዳሉ ጋሼ" አልኩ።

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በእኔ መኪና ተነሣን። ከድር ከስልኩ ነሺዳ ከፍቶ አብሮ እያዜመ፣ ለመንገድ ብሎ የጠበሰውን ሳምቡሳ ያጎርሰኝ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ፣ ሳያልፍበት እንዲሰግድ አንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ቆምን። ስልኩን ወንበሩ ላይ ትቶ ወረደና ሣሩ ላይ ምንጣፉን ዘረጋ። ጀርባውን አየዋለሁ።

ስልኩ ጠራ። "ሰዓዳ እህቴ" ይላል፤ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ደሴ በዚያን ጊዜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ነበር። አነሣሁት፤ እጄ ላይ ነዘረ። ከድር ግንባሩን መሬት አስነክቷል።

ለረጅም ጊዜ ያስታወስኩት እንዲህ ነው፤ ስልኩ ጥቂት ጠራና ባትሪው አልቆ በራሱ ጠፋ።

ተመልሶ ሲገባ "ባትሪህ አልቆ ነበር፤ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እስኪሞላ አትክፈተው" አልኩት። ወደቡ ስንደርስም "ውሃ ያበላሽብሃል፣ መኪናው ውስጥ ተወው፤ በእኔ ስልክ ትቀዳለህ" አልኩት። "ፕሮፌሰር ዛሬ እንደ እናት ሆነሃል" ብሎ ሳቀብኝ።

አስጎብኚያችን ፀሐይ ፊቷን ያቀላው ቀልደኛ ወጣት ሴት ነበረች። የራስ ቁርና የግንባር መብራት ሰጠችን፤ ስልኬን አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ከተተችልኝ። ስምንት ሰዎች በአራት ጀልባ ነበርን። ከድር ከፊት፣ እኔ ከኋላው ተቀመጥን። ሁለታችንም ዋና አንችልም።

የመጀመሪያው ዋሻ አፉ ዝቅ ያለ ነው። ማዕበሉ ሲወርድ ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ግፊት መግባት ያስፈልጋል። ከድር ሲገፋ በሙሉ ድምፁ "ቢስሚላህ!" አለ። አስጎብኚዋ የእኛ አገር የቀዛፊዎች ትእዛዝ መሰላት። ሁለተኛው ዋሻ በር ላይ መቅዘፊያዋን አንሥታ "ሁላችሁም፣ ቢስሚላህ!" ስትል ስድስቱም ፈረንጆች ተቀብለው ጮኹ። ከድር በሳቅ ጀልባዋን ሊገለብጣት ነበር።

ሁለተኛው ዋሻ ጥልቅ ነው። ጥቂት ገብቶ ስለሚታጠፍ የውጭው ብርሃን ይጠፋል። ውሃው በመብራታችን ሥር አረንጓዴ ነው፤ ድንጋዩን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ሰው ሲያቃስት ይመስላል። በዚያ ሳለን ከውጭ ትልቅ ጀልባ አልፎ ኖሮ ውሃው በድንገት አበጠ። ወደ ላይ ተነሣን፤ የራስ ቁሬ ጣራውን ፋቀ። አስጎብኚዋ "ጎንበስ! አትቅዘፉ!" እያለች ጮኸች። ከድር እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ጉልበቴን ያዘ።

"አትፍራ" አለኝ። "እማ በዚህ ሰዓት ዱዓዋ ላይ ናት። ምንም አንሆንም።"

እትዬ ፋጡማ ከተቀበሩ አምስት ሰዓት ያህል ሆኗቸው ነበር።

ውሃው ጋብ ሲል ስልኬን ጠየቀኝና ቪዲዮውን ቀዳ። ለእናቱ ዋሻውን እያሳየ ሲያወራ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ጨለማውን ሳይ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ያጽናናሁት በዚያ ዝምታ ነው። ዋሽቻለሁ፤ ነገር ግን ቢያንስ አልሳቅሁም እል ነበር።

ወደ መኪናው ስንመለስ ስልኩን ከፈተ። "ውይ፣ ሰዓዳ ደውላ ነበር" አለ። አገር ቤት መሽቷል፤ አሁን ብትደውል ታስደነግጣቸዋለህ፣ ነገ ይደርሳል አልኩት። "ልክ ነህ" ብሎ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። መዳፎቹ በመቅዘፊያው ውሃ ቋጥረው ነበር። ኮሎምበስ ድረስ እንዳይነቃ በቀስታ ነዳሁ።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የከፈተው እሱ ነው። ጋሼ ሰይድን፣ ከኋላቸውም ነጠላና ሻርፕ የለበሱትን ሁሉ በየተራ አየ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የኛ ሰው አይጠፋውም። አልጮኸም። ዞሮ ከኩሽናው በር የቆምኩትን እኔን አየኝ።

"አንተም?" አለኝ።

ጋሼ ሰይድ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጠን ጠየቀኝ። "ሰዓዳ የደወለችው እማ ገና ከቤት ሳትወጣ ነው። አጎቴ ቢቆጣም ፊቷን ላሳየው ብላ። ያን ጊዜ ስልኬ አንተ ጋ አልነበረም?"

"ጠርቶ ነበር። ሳላነሣው ባትሪው አለቀ።"

"እንግዲያው አላህ አልፈቀደውም" አለ። "አንተማ የታዘዝከውን ነው ያደረግኸው፣ ፕሮፌሰር።" ይቅርታው ቀላል ስለሆነልኝ እኔም ታሪኬን አመንኩት። በጊዜ ብዛት ባትሪው ሲያልቅ፣ ስክሪኑ ሲጨልም በዓይኔ ይታየኝ ጀመር።

ዓመት ሲሞላ ከድር ከኮሎምበስ ዳር ባለችው ጋሃና ቤት ተከራይቶ ወጥቶ ነበር። ደወለልኝ። "ያችን የዋሻውን ቪዲዮ ላክልኝ። እናቴ አለች ብዬ ያወራኋት የመጨረሻዋ ናት" አለኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፍቼ አላየኋትም። ከመላኬ በፊት ልያት ብዬ ከፈትኳት።

መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ ከዚያ የከድር ድምፅ። "ፕሮፌሰር፣ ጀምሯል?" ይላል። ፊቱ ከግንባሩ መብራት ሥር ብቅ ይላል። "እማ፣ ባሕር ይኸውልሽ። ወረቀትሽ ሲያልቅ እዚህ ነው የማመጣሽ። በሰው ስልክ ነው የምቀዳልሽ፤ የኔ ባትሪው አልቆብኝ። ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጌው ነበር፤ ጠዋት ስሰግድ ቆይቼ ስመለስ ጠፍቶ አገኘሁት።"

ከኋላው ደግሞ አንድ ሰው ከልቡ ይስቃል። "ስልኩ አርጅቷል፣ እትዬ ፋጡማ! አዲስ እንዲገዛ ይምከሩልኝ! መቅዘፍም አይችልም፣ ልጅዎ!"

ድምፁ የእኔ ነው።

ደጋግሜ ሰማሁት። ዝምታ የለም፤ የተደፋ አንገት የለም። የሞቱትን ሴት በስማቸው ጠርቼ፣ ልጃቸው ፊት ቀልጃለሁ። ባትሪውም ሙሉ ነበር። ፍርድ ቤት ይህን ማስረጃ ላይቀበለው ይችላል፤ አሮጌ ስልክ ሙሉ ሆኖም ይጠፋል። ነገር ግን ያንን ስሰማ የቀኝ አውራ ጣቴ የስልኩን የጎን ቁልፍ ተጭኖ የቆየበትን ጊዜ አስታወሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ አላስታወስኩትም ነበር ብዬ ብምል ይታመን ይሆን? እኔ ራሴ አላምነውም።

የስልኩን ነገር የሚያወሩትን ሴኮንዶች ቆርጬ ልልክለት አሰብኩ። ቆረጥኳቸውም። ከዚያ የቀረችውን ሳያት እናቱን "እዚህ ነው የማመጣሽ" ብሎ ድንገት ይቋረጣል። ከእናቱ ጋር ያወራባትን የመጨረሻ ጊዜ ሁለተኛ ልቆርጥበት መሆኑ ገባኝ። ሙሉዋን ላክሁለት፤ ከሥሯም "ስልክህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ማየቱን የሚያሳዩት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ወዲያው መጡ። መልስ አልመጣም።

ከአንድ ወር በኋላ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ ሱቅ ሩዝ ገዝቼ ስወጣ ተገናኘን። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ መስፍን፣ ደህና ነዎት? ጤናዎት እንዴት ነው?"

"ከድር..." አልኩ።

"ይስጡኝ፣ ይከብድዎታል" ብሎ ከረጢቱን ከእጄ ተቀበለኝ። መኪናዬ ድረስ ተሸክሞ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስተካክሎ አስቀመጠልኝ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ። "በሉ፣ በሰላም ይግቡ" አለኝና ሄደ። በመላ ሁኔታው ውስጥ አንዲት ቁጣ አልነበረችም። ቢሰድበኝ ኖሮ ሮጬ እደርስበት ነበር፤ በዚያ አክብሮት ፊት ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

የተላለፈው ውሳኔ የሽማግሌ ነው፣ ልማዱም ሰውን ከድንገተኛ ኀዘን ለመጠበቅ የቆመ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። የሰዓዳ ጥሪ የመጣው ግን ለጋሼ ሰይድ አልነበረም፤ መዳፌ ላይ ነበር የጠራው። ስለ ራሴ የማስታውሰውን ነገር ሁሉ፣ መልካሙን በተለይ፣ ከዚያ ወዲህ ሳልጠረጥር አላልፍም።

ቪዲዮዋን አልሰረዝኳትም። አንዳንድ ቀን ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ እከፍታታለሁ። ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ውሃው ይሰማል፤ ከዚያ "ፕሮፌሰር፣ ጀምሯል?" ይለኛል።

እዚያ ላይ አቆማታለሁ።