የወንድሜ ሁለት ሰርተፍኬቶች

ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አሁን ስለ እሱ ስጽፍም በስሙ መጥራት አይሆንልኝም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላገኘም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ምን ይማር? አባታችን የሞተው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እናታችን ናዝሬት ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። እሱ ሥራ ያዘ ማለት ሦስታችንም ሥራ ያዝን ማለት ነበር።

የሰፈሩ ልጆች በራችን ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጠው ይመክሩታል።

«መንጃ ፈቃድ አውጣ። ሾፌር ተርቦ አያውቅም።»

«ምን ሊነዳ? የእናቱን ሽንኩርት?»

«ታይፕ ልማር ነው» አለ ወንድሜ።

«ታይፕ! በል እንግዲህ ሊፒስቲክ እናዋጣልህ!»

ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ግን በቁም ነገር ያስረዳቸው ጀመር። አዲስ አበባ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር የሚባል ማሽን አስገብተዋል፤ የስንት ሠራተኛ ደመወዝ ባንድ ጊዜ አስልቶ ያወጣል፤ ቁልፎቹ የተደረደሩት እንደ እንግሊዝኛው የጽሕፈት መኪና ነው። ማሽኑ እዚህ ሲደርስ ቁልፉን ሳያይ የሚመታ ሰው ይፈለጋል። እንዲህ ነበር ሐሳቡ። ኮምፒውተር ያየ ግን ማናችንም አልነበርንም። እሱም ቢሆን አላየም።

ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባለች የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። መኪናዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ተራ እስኪደርስ ብዙ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የሳሙና ካርቶን ቀደደና ቁልፎቹን በእስክሪብቶ ሣለባት። ቤት ሲገባ ካርቶኗን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ይመታል። ድምፅ የላትም። ጣቶቹ ብቻ ሲሮጡ አያለሁ።

አስተማሪው ጣቱን አይተው ሌላም ትምህርት እንዲጨምር መከሩት። ሰውየው ደብረ ዘይት በሬዲዮ ሥራ አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከጓሮ ባለችው ክፍል የሬዲዮ መልእክት መላክና መቀበል፣ በአጭርና በረጅም ምት የሚላከውን ሞርስም ጭምር ያስተምራሉ። «አንድ ሙያ ያለው ብዙ ነው፤ አንተ ሁለት ያዝ» አሉት። ያዘ። ምሳ ላይ ሳይቀር የሳህኑን ጠርዝ በማንኪያ ይቆረቁር ነበር።

«ወጡ መልእክት አለው እንዴ? ብላ እንጂ!» ትለዋለች እማዬ።

«ጨው አነሰኝ እያለ ነው፣ እማዬ።»

ሁለቱንም ጨረሰ። ሰርተፍኬቶቹ ፎቶው ተለጥፎባቸው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው መጡ። የታይፑ ትንሽ ነበረች። የሬዲዮው ትልቅ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ሐረግ ያለው ነበር። እማዬ ሁለቱንም የቀሚሶቿ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እሱም ብዙ በር አንኳኩቶ በመጨረሻ ዝዋይ ውስጥ በጊዜያዊነት ታይፒስትነት አገኘ።

እዚያ እያለ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ስሙ ቀበሌ ተለጠፈ። ወሬው ሲደርሰው በአውቶቡስ ረዳት በኩል ለእማዬ ላከባት፤ «የታይፑን ሰርተፍኬት ይዘሽ ቀበሌ ሂጂና አሳያቸው። የሬዲዮውን ቤት ተዪው።»

ምክንያቱን አልላከም። እማዬም አልጠየቀችም። መልእክቱ ግን አልተዋጠላትም። ገበያ የምትውል ሴት ናት። ደህና ደህናውን ሽንኩርት ከላይ ነው የምትደረድረው፤ ጥሩ ዕቃ ቤት ትቶ ገበያ መውጣት ለእሷ ስንፍና ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሁለቱንም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ትልቁን ከላይ አድርጋ ሄደች።

ስመለስ ፊቷ ፈክቶ ነገረችኝ።

«‹ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ ባለሙያ ነው፤ ይዩልኝ› አልኩት። ተቀብሎኝ እያገላበጠ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እማማ፣ ይሄማ ወርቅ ነው! እንዲህ ያለ ልጅ በጣም ይፈለጋል› አለኝ። መዝግቦም ያዘልኝ።»

ወንድሜ ቅዳሜ መጣ። እየደጋገመች አወራችለት።

«ከላይ ያደረግሽው የትኛውን ነበር?»

«ትልቁን ነዋ!»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አላት።

ውጭ ግንዱ ላይ ስንቀመጥ ነው ለእኔ የነገረኝ። ታይፒስት ኋላ፣ ቢሮ ውስጥ ይቀራል። የሬዲዮ ሰው ግን ሬዲዮውን ተሸክሞ ከአዛዡ ጎን ነው፤ አዛዡ የገባበት ይገባል። አስተማሪው በክፍል ውስጥ ነግረዋቸው ነበር።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ።

አልነገርኳትም።

ወሰዱት። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ተላከ፤ በሬዲዮ ክፍል።

መርዶው የመጣው ማለዳ ነው። እማዬ ወደ ገበያ ልትወጣ ቅርጫቷን አንስታ ነበር። የእድራችን ሽማግሌዎች ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። አንደኛው ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበላት። ያን ጊዜ ገባት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ወታደር ሊጠይቀን መጣ። አንድ እግሩ ተጎድቶ በከዘራ ነበር የሚሄደው። ከወንድሜ ጋር ባንድ ክፍል ነበሩ። እማዬ ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲጨርስ ደስ የሚላት መስሎት ማመስገን ጀመረ።

«በሬዲዮ እንደ እሱ ያለ አልነበረንም፣ እማማ። ሌላው አንድ መልእክት ሳይጨርስ እሱ ሁለት ይልካል። እንዲያውም ኋላ ያለው ቢሮ ታይፒስት ቸግሮት እሱን ጠይቆ ነበር። አዛዣችን አልሰጥም አሉ።»

«ለምን?»

«ጎበዝ ነበራ።»

እማዬ ባዶውን ብርጭቆ ከእጁ ወሰደች። አላስቀመጠችውም።

«ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይሰጡት ነበር?»

ወታደሩ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እንጃ፣ እማማ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰርተፍኬቶቹ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ሳጥኑን ስትከፍት ግን እኔ ከቤት እወጣለሁ።

እኔም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ግንዱ ላይ አሁን ሌሎች ልጆች ናቸው የሚቀመጡት። ምን ብንማር ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። ታይፕ እላቸዋለሁ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ቁልፉ ያው ነው። ይህን እስክናገር ደህና ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጨረስ ያቅተኛል። ሙያ ጥሩ ነው ልበላቸው? ጥሩ እኮ ነው። ወንድሜ ሙያውን ይወድ ነበር።

ባለፈው ሰኞ በዚያችው የማታ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ሄድኩ። እማዬ ተከተለችኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብላት እሺ አላለችም። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ከዚህ በፊት የተማርከው ሙያ አለ? የምትችለው ነገር?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እማዬ ጮክ ብላ መለሰችላት።

«የለም! ይሄ ምንም አይችልም!»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። እማዬ ክንዴን ይዛ ነበር። መዝጋቢዋ ጽፋ እስክትጨርስ አለቀቀችኝም።