በሁለት ረጃጅም ወንድሞች መሃል

ሰው ቁመቱን የሚያውቀው ከጎኑ ከሚቆመው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት በሁለት ታላላቅ ወንድሞቼ መሃል ነው። ከሚሴ ያለው ቤታችን ከመስጊዱ ብዙ አይርቅም። ጁምዓ ሲሆን ሦስታችን አብረን ወጥተን አንድ ሶፍ ላይ፣ በአንድ የሶላት ረድፍ እንሰለፋለን። እናታችን በልጅነታችን "ትንሹ መሃል ይሁን፣ እንዳይጠፋ" ብላ ስላስለመደችን፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላም ቦታዬ እዚያው ነበር። በሶላት ሰልፍ ላይ ትከሻ ከትከሻ ይገጥማል ይባላል። የእኔ ትከሻ ግን የሚገጥመው ከወንድሞቼ ክንድ ጋር ነበር።

በዚህ የተነሳ ከከተማው ወንድ ሁሉ አጭሩ እኔ እንደሆንኩ አምኜ ኖርኩ። ቤተሰቤም እንዳልረሳው ያግዘኝ ነበር። ታላቄ "ምራቂው" ነው የሚለኝ፤ ዋናው እህል ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ እላዩ ላይ ጣል የሚደረገው ማለቱ ነው። ተከታዩ ደግሞ "ጨርቁ ሊያልቅ ሲል ነው አንተ የተቆረጥከው" ይለኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እኛ ቤት ሲቀልዱበት ያኮረፈ ሰው የባሰ ነው የሚጠብቀው። ውስጤ ግን ያርር ነበር።

ሥራዬ ባጃጅ መንዳት ነው። ባጃጅን የሠራ ሰው አላህ ጀዛውን ይክፈለው፤ ሹፌር ሁሉ ከተቀመጠ እኩል ነው። ጠዋት ጠዋት የምትሳፈር አንዲት መምህርት ነበረች። መለሎ ናት። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ አንገቷን፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ በመጨረሻ እግሯን አጣጥፋ ታስገባለች።

"አካም ቡልቴ?" ትለኛለች።

"ናጋ፣ አልሃምዱሊላህ" እላለሁ።

ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቷ ድረስ በኦሮምኛ የጀመርነውን ወሬ በአማርኛ፣ በአማርኛ የጀመርነውን በኦሮምኛ እንጨርሰዋለን። ሳላስበው ወደድኳት። ቁመቷንም ጭምር ነው የወደድኩት። ችግሩ የእኔ ነው፤ አንድም ቀን ቆሜ አላየችኝም፣ እኔም እንድታየኝ አልፈለግሁም። አንድ ጠዋት እሷን ይዤ ስሄድ ጎማ ፈነዳ። ወርዳ ሌላ ባጃጅ እስክታገኝ ድረስ መሪዬን ጨብጬ ቁጭ አልኩ።

"አትወርድም እንዴ?" አለችኝ።

"ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው" አልኳት። ጎማ ለፈነዳበት ባጃጅ!

እናቴ ልቤ መምህርቷ ላይ እንዳለ ነቃችብኝ። "አባቷ ጨፋ ሮቢት ያሉት ሰውዬ አይደሉ? ደህና ሰው ናቸው። ሽማግሌ እንላክ" አለችኝ። እኔ ደግሞ "ቆይ እማ፣ ኢድ ይለፍ" አልኳት። ምክንያቴን ግን አልነገርኳትም። ሽማግሌ ሄዶ፣ ቃል ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ቆሜ ስታየኝ ፊቷ ቢለዋወጥ ምን ይውጠኛል? ከሽማግሌው በፊት ቆሜ ልታየኝ ይገባል። ይህን አውቃለሁ፤ ወኔው ነው የጠፋኝ።

በኢዱ ጠዋት አዛውንቶችንና አቅመ ደካሞችን ወደ ሶላት ሜዳው ሳመላልስ ወንድሞቼ ቀድመውኝ ሄዱ። የመጨረሻዎቹን አድርሼ ባጃጄን መንገዱ ዳር ሳቆም በድምፅ ማጉያው "ሶፋችሁን አስተካክሉ" እየተባለ ነበር። መንገዱ ከሜዳው ከፍ ይላል። ሕዝቡ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙን ከጎረቤቱ ተረከዝ ጋር ሲያስተካክል ከላይ አየሁት። ቁመት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ባለ ወፍራም ሶሉ ሁሉ ባዶ እግሩን ነው። ኮፍያ እንኳ ቢያታልል ትከሻ አያታልልም።

እንደ እኔ ያለ ምስኪን አጭር ይኖር ይሆን ብዬ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው ግራ አጋባኝ፤ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያክለው። ትከሻው ሁሉ አንዱ ከሌላው ጣት በማይሞላ እየተበላለጠ ይሄዳል፤ እዚህ አንዱ ዝቅ ይላል፣ እዚያ አንዱ ብቅ ይላል። በጣም ረጅሙ ጥቂት ነው፣ በጣም አጭሩም ጥቂት ነው፤ የቀረው ሕዝብ መሃል ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ፊት ካሉት ሶፎች በአንዱ ላይ ግን ሁለት ራሶች ከሁሉም በላይ ወጥተዋል። ወንድሞቼ! አጠገባቸው የቆመው ሰው ሁሉ ትከሻው እንደ እኔ ክንዳቸው ላይ ነው። ለካ ከሰው የተለዩት እነሱ ናቸው። ሳቄ አመለጠኝና ወዲያው "አስተግፊሩላህ" አልኩ።

ሮጬ ወርጄ የመጨረሻው ሶፍ ላይ ገባሁ። በአንድ በኩል የጨፋ ገበሬ፣ በሌላው በኩል የቢሮ ሰው የሚመስል ጎልማሳ ነበሩ። ትከሻዬ በግራም በቀኝም ትከሻ ነካ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከሶላት በኋላ ታላቄን አቅፌ "ኢድ ሙባረክ አያ! ለካ እኔ አልጎደልኩም፣ እናንተ ናችሁ የተረፋችሁት" አልኩት።

"ማሊ? ምን ሆንክ? ፀሐይ መታህ እንዴ?" አለኝ።

ከኢዱ በኋላ ትምህርት በተከፈተ ቀን ወኔዬ ሙሉ ነበር። እሷ ሳትመጣ ከባጃጄ ወርጄ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ጠበቅኋት። መጣች፤ ፊት ለፊቴ ስትደርስ ዓይኔ ያረፈው አገጯ ላይ ነው። ሜዳ ሙሉ ወንድ ለክቼ መካከለኛ ሆኜ ስኩራራ፣ ላገባት የፈለግሁት ከአብዛኛው ወንድ የምትረዝመውን እሷን መሆኑን ረስቼዋለሁ! ጆሮዬ ጋለ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ዘልዬ ብወጣ ደስ ባለኝ።

እሷ ግን ከላይ እስከ ታች አላየችኝም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

"አየኸኝ አይደል?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምኑን?"

"ቁመቴን ነዋ። አንተ ተቀምጠህ ስለምታዋራኝ ነበር ደስ የሚለኝ። ጎኔ ቆመው ያዩኝ ወንዶች ተመልሰው አይመጡም።"

ስንት ጠዋት ሙሉ ከጀርባዬ ተቀምጣ የእኔኑ ፍርሃት ስትፈራ ኖራለች፤ እኔ ራሴን ከወንዱ ሁሉ ጋር ስለካ እሷም ትለካ ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አንጀቴን በላችው።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አልኳት።

አመነታች። ከዚያ ጉልበቷን ዘረጋች፣ ትከሻዋን ለቀቀች፣ ቀና አለች። ከኋላዬ ያሉት ባጃጆች መንገድ ልቀቅ እያሉ ጥሩምባቸውን ያንባርቁብኛል። አልተንቀሳቀስኩም።

"አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልልክ ነው" አልኳት፣ ወደ ላይ እያየኋት።