የእጅ ይሻላል የመብራት?

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃችን የልጄን የዛሬ ምሳ ጠጡት።

እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ... ደክሞኛል፣ ወሬው ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ።

ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ቃሊቲ፣ የሕንፃ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ልጄ ሶልያና አቃቂ ቤት ከእናቴ ጋር ትውላለች። ሥራ ልገባ ስል ጭንቀቴ አንድ ነበር... የቆርቆሮ ወተት ሳላስጀምራት እስከቻልኩት ድረስ በራሴ ወተት ልሂድ። ለዚህ ደግሞ የጡት ማለቢያ ያስፈልጋል። እናቴ ስሙን ስትሰማ «ላም ነሽ እንዴ የምትታለቢው?» አለችኝ።

ሳሪስ አቦ ያለች አንዲት ፋርማሲስት ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ። አንዱ በእጅ የሚጨመቅ፣ አንዱ በመብራት የሚሠራ። «የመብራቱ ይፈጥናል፣ እጅሽንም አያደክምም» አለችኝና ቀጠለች፤ «ግን ሥራ ቦታሽ ሶኬት ያለው፣ በሩ የሚቆለፍ ክፍል አለ?»

ሳቅኩ። እኛ ጋ በር ያላቸው የአለቃው ቢሮና ሽንት ቤቱ ብቻ ናቸው። የሽንት ቤቱም ቢሆን መቀርቀሪያው አይይዝም። የእጁን ገዝቼ ወጣሁ።

እና ይኸው በየቀኑ... በእጄ እየጨመቅኩ፣ በእግሬ በሩን እየደገፍኩ፣ ሹፌሮቹ ሲያንኳኩ «ሰው አለ!» እያልኩ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አልባለሁ። ያን ሁሉ ታግዬ የምትወጣው ወተት ደግሞ ታሳዝናለች። በጠርሙስ አድርጌ መሥሪያ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አኖራታለሁ፣ ስወጣ ይዣት እሄዳለሁ፣ በማግስቱ ሶልያና ትጠጣታለች።

የመጀመሪያው ቀን አንዱ ሹፌር ፍሪጁን ከፍቶ ጠርሙሱን ብድግ አደረገና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የማነው?» አለ። በክፍሉ ያለው ወንድ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«የኔ ነው... የጾም ወተት ነው።»

ሁዳዴ አይደል? ነጭ፣ ቀጠን ያለ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ከአኩሪ አተር ሌላ ማን ምን ይጠረጥራል? አመኑኝ። ማመናቸው ነው ጉድ ያመጣብኝ።

አለቃችን ጋሽ ተፈራ አጥባቂ ጾመኛ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሻይ ቡና የምታፈላልን አልማዝ ደግሞ አንጀቷ አይችልም። ትናንት እኔ ዕቃ ላስረክብ መጋዘን በወረድኩበት፣ «ዛሬ እንኳ በወተት ላድርግላቸው» ብላ ጠርሙሴን እንዳለ አሙቃ ቡናቸው ላይ ገለበጠችው። ነገ እተካላታለሁ ብላ ነው... ክፋት የላትም።

ልወጣ ስል ፍሪጁን ከፈትኩ። የለም። ጠርሙሱ ታጥቦ፣ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ይንጠባጠባል። ይህኔ ጋሽ ተፈራ ስኒያቸውን እንደያዙ ከቢሮ ወጡ።

«ሄለንዬ፣ ወተትሽን ጨረስንብሽ፣ ይቅርታ። ግን እንዲህ የሚጣፍጥ የጾም ወተት በዕድሜዬ ጠጥቼ አላውቅም። ከየት ነው የምትገዢው?»

«አይሸጥም ጋሼ።»

«እቤት ነው የምትሠሪው?»

«እዚሁ ነው።»

«እዚህ? እዚህ የት?»

«ሽንት ቤት።»

ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር እቀባጥር ነበር። ግን ውሸትም ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አልነበረኝም። «ጋሼ... የጡቴ ወተት ነው። የልጄ ነው» አልኩ።

አልማዝ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ተፈራ ስኒውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቶሎ ብለው ደግሞ ጣሪያውን አዩ። አማተቡ። በቀጭን ድምፅ «እንግዲህ... ጾሜ ፈረሰ ማለት ነው?» አሉ።

«የእርስዎን እንጃ ጋሼ» አልኳቸው። «ነገ የምትጾመው ግን ልጄ ናት።»

ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ለአንዲት ጠርሙስ ወተት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ... የተጠጣ ወተትማ ጭራሽ።

ዛሬ ጠዋት እንደምንም ጨምቄ ግማሽ ጠርሙስ ትቼላት መጣሁ። ለቀሪው እናቴ የቆርቆሮ ወተት ከፍታላት ይሆናል። ደውዬ ለመጠየቅ አቅም አላገኘሁም።

ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጋሽ ተፈራ መጡ። ዓይኔን አያዩም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቁልፍ አኖሩ።

«የሴራሚክ ናሙና የምናስቀምጥበት ክፍል ነው። አስጠርጌዋለሁ። ሶኬትም አለው። ቁልፉ ካንቺ በቀር ማንም ጋ የለም።»

አመሰገንኳቸው። ሊሄዱ ዞረው መልሰው ቆሙ።

«ማታ ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ» አሉ። «ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ለካ እሷም ልጆቻችንን ስታጠባ፣ ሥራ ቦታዋ ጡቷ ሲወጥራት ሽንት ቤት እየገባች ነበር የምታፈሰው... መድፋት ነው እንግዲህ፣ ማስቀመጫ የለ። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ትናንት ነው የነገረችኝ።»

ይህን ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ቅዳሜ ሳሪስ ብቅ እላለሁ፣ የመብራቱን ልግዛ። እና በውስጥ መስመር «የእጅ ይሻላል የመብራት?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ እናቶች... መጀመሪያ ቁልፍ ይሻላል።