ቤተ ልሔም ላይ ባለቤቴ የጠፋችኝ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ስኖር እንደዚያ ዕለት ደንግጬ ስለማላውቅ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የስማዳ ወገዳ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ራሴን ያስተማርሁ ነኝ። ግዕዝ አነባለሁ፤ በታሪክ ጉዳይ ከቀሳውስት ጋር ተከራክሬ የረታሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያን ዕለት ከባለቤቴ ጋር ጋይንት ቤተ ልሔም አስቀድሰን ስንወጣ፣ "ነይ፣ አሮጌውን ሰፈር ላሳይሽ" አልኋት።

"መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ" አለች።

"እኔ እያለሁ?"

በድንጋይ አጥሮቹ መካከል ቀስ እያልን ሄድን። እንደ አገራችን ወግ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የድጓ ተማሪዎቹን ጎጆዎች፣ የድሮ መምህራን የኖሩባቸውን ግቢዎች እየጠቆምሁ ብዙ አስረዳኋት። "ይገርማል፣ አይደል?" ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

ተመለስሁ። መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ጎጆው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቴ የዓይን ሞራ አለባት፤ ጥላና ጉድጓድ አትለይም። ስልካችን አንድ ነው፤ እሱም በእኔ ኪስ ነው። ከሰፈሩ በታች ደግሞ ገደል አለ።

በቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚገባው በክርስትና ስም መጥራት ነው ብዬ፣ "ወለተ ማርያም!" እያልሁ ተጣራሁ። ደግሜ ስጮህ ሦስት እማሆዮች ከሦስት ጎጆ ብቅ አሉ።

"ማንኛችንን ነው?" አሉኝ አንደኛዋ።

"ባለቤቴን ነው፣ እማሆይ። ዓይኗ ደካማ ነው። ነጠላ የለበሰች..."

"እዚህ ነጠላ ያልለበሰ ማን አለ? የቤት ስም የላትም?"

የሚስቴን ስም በሰው ፊት ጠርቼ አላውቅም። ቤት ውስጥም "አንቺ" ነው የምላት። በቀስታ፣ "ትርንጎ" አልሁ።

"ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ጮክ ይበሉ እንጂ!"

"ትርንጎ! ትርንጎ!" ድምፄ ተቆራረጠ።

"አቤት!" አለች፣ ከአጠገባችን ካለው አጥር ጀርባ። ሮጥሁ። ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ልታወጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"ይህን ያህል ስጮህ አትሰሚም?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ሰምቻለሁ። ከእማሆዮቹ ጋር ጨዋታ የያዝህ መስሎኝ ነው እንጂ! እኔ ወለተ ሥላሴ ነኝ። ወለተ ማርያም እናትህ አይደሉም እንዴ?"

እማሆዮቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ያ ፍርሃት ነው። የነገሥታቱን ስም በተራ የምጠራ ሰው የሚስቴ የክርስትና ስም ጠፋኝ። ዛሬም በታሪክ የሚረታኝ የለም፤ እሱ እንዳለ ነው። ነገር ግን ጓሮ ወጥታ ትንሽ ከዘገየች፣ ጎረቤት ሰማ አልሰማ ብዬ ሳልጨነቅ፣ "ትርንጎ!" እላለሁ።

"ምን ፈለግህ?" ትለኛለች።

ምንም።